ያጠብኳቸው አራት ካንዴላዎች

የወንድሜን ሥራ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህችን አንድ መስመር እስክጽፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ከአፌ ወጥታ አታውቅም፤ ብቻዬን መንገድ ስሄድ፣ ከራሴ ጋር ሳወራ እንኳ ብያት አላውቅም። የምታነቡኝ እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ከተማችንን መቱን አታውቋት ይሆናል፤ ስለ ሞተርም ግድ የላችሁ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ይቀለኛል።

ወንድሜ ሸምሱ ይባላል። ይባል ነበር ማለት አለብኝ፤ ገና አልለመድኩትም። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከስልጤ መጥቶ መቱ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ሸምሱ ግን ሱቅ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባ፤ በኋላም ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ዳር የራሱን ከፈተ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥቡ ሳይመጣልኝ ሲቀር ከእሱ ጋር መሥራት ጀመርኩ። እጅ የነበረው እሱ ነው። እኔ ያለኝ እንግሊዝኛ ነበር። ስልኩ ላይ የሚያወርዳቸውን የሞተር ቪዲዮዎች እኔ እየሰማሁ እተረጉምለታለሁ፤ ያልገባኝን ደግሞ ከራሴ እጨምርበታለሁ። እሱ የተናገርኩትን ሁሉ እንደ ተጻፈ ነገር ይቀበለኝ ነበር። «ከድር የተማረ ነው» ይላል፣ ለደንበኛ ሁሉ።

ነገሩ የተጀመረው በጋሼ ፈይሳ ፒክአፕ ነው። ጋሼ ፈይሳ የሁሩሙ የማርና የቡና ነጋዴ ናቸው። መኪናቸው አሮጌ ናት፣ በቤንዚን የምትሄድ፣ ሞተሯ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ። አንድ ቀን፣ ሰው ሲጠሩ እንደሚሉት «ያ!» እያሉ፣ እየተማረሩ መጡ።

«ያ ሸምሱ፣ ይቺ መኪና ዳገት ስታይ ጸሎት ትጀምራለች። ትናንት ወደ ኖፓ ስወጣ በቅሎ ቀደመችኝ። በቅሎዋ ደግሞ ባዶዋን አልነበረችም!»

ሸምሱ በአፍንጫው ሳቀ። እንደዚያ ነበር የሚስቀው። «ጋሼ ፈይሳ፣ ሌላ ሞተር ከመፈለግዎ በፊት አንድ ነገር እንድሞክር ይፍቀዱልኝ። ትንፋሽ ልጨምርላት።»

«ሳንባ ልትቀይርላት ነው?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ታዲያ ሰው እንዳይስቅብኝ አድርገህ ቀይርላት» አሉና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄዱ።

ሸምሱ ይህን ፈቃድ ሁለት ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋው ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ሱፐርቻርጀር ነበረው፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተበተነ መኪና ላይ አግኝቶት፣ ጭኑ ላይ አድርጎ በአውቶቡስ ያመጣው። ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ስለ እሱ ማውራት አሁንም ደስ ይለኛል፤ ይህም ራሱ ያሳፍረኛል። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ይበላል። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ሞተር አየሩን በራሱ አቅም ይስባል፣ እንደ ሰው። ሱፐርቻርጀር ግን አየሩን በግድ ያጎርሰዋል። አየርና ቤንዚን አብረው ሲጨመሩ ጉልበት ይመጣል። ቱርቦ የሚባለው ሌላው አየር አጉራሽ የሚዞረው በጭስ ግፊት ነው፤ ይህኛው ግን በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ይዞራል። ቺንጋው የሚያርፍበት ክብ ብረት ፑሌጃ ይባላል። የሱፐርቻርጀሩ ፑሌጃ ባነሰ ቁጥር ነገርየው ይፈጥናል፣ የሚያጎርሰውም አየር ይበዛል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ጆንያውን የፈታን ቀን ትዝ ይለኛል። ውስጡ ሁለት የተጠማዘዙ ብረቶች አሉ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ የሚሽከረከሩ። መካከላቸው ወረቀት እንኳ የሚገባ አይመስልም። መዳፌን መውጫው ላይ አድርጌ በሌላው እጄ ሳዞረው ተነፈሰብኝ። እውነቴን ነው፣ እንደ ከብት ተነፈሰብኝ። ሸምሱም እጁን አደረገ። ከዚያ እንደገና እኔ። የሚጠብቀን ደንበኛ ውጭ ቆሞ ሁለታችን ተራ እየገባን ስናስተነፍሰው ዋልን።

ሥራው አንድ ወር ወሰደ። ሸምሱ ቸኩሎ አያውቅም። የፋብሪካ ሞተር ተጨማሪ አየር ሲገባበት ውስጡ እንዳይፋጅ ብሎ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ የላይ ክዳን ሥር፣ ጉርኒሲዮን የሚባለውን ማሸጊያ ወፍራሙን አስገባ። ካርቡራቶሩን አስተካከለ። ፑሌጃውን ግን ለማስቀረጽ ወደ በቀለ ቶርኖ ቤት መሄድ ነበረበት። ሸምሱ ያሰላው እንዲህ ነው፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ አንድ ተኩል ጊዜ ይዙር፣ ከዚያ አይለፍ። በቀለ ግን የነበረው ብረት ስላልበቃው ፑሌጃውን ከታዘዘው አሳንሶ ቀርጾ ሰጠን።

«በቄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለው ሸምሱ።

«ፑሌጃ ነዋ!»

«ፑሌጃማ ነው። የማን ነው? የልብስ ስፌት መኪና ነው?»

«ታዲያ በፍጥነት አትዞርልህም? ፍጥነት አይደለም የፈለግኸው?»

«እኔ የፈለግሁት ዳገት መውጣት ነው። ይሄ ሰማይ ያወጣናል።»

በቀለ እየተነጫነጨ ሌላ ብረት ፈልጎ በልኩ ሠራለት። ትንሿን ሸምሱ አልጣላትም። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ሰቀላት። በየቀኑ አያታለሁ። ፍሬን ስፈታ አያታለሁ፣ ዘይት ስቀይር አያታለሁ። ሰማይ ያወጣናል ያለው ምን ማለት ነው? ስንት ይጨምራል? ድምፁ ምን ይመስላል? ሞተሩ ይችለው ይሆን? ማንም አልጠየቀኝም፤ ጥያቄው ግን የእኔ ሆነ።

በትልቁ ፑሌጃ መኪናዋ ሠራች። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ሠራች። ጋሼ ፈይሳን አስቀምጠን ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣናት። ጋሼ ፈይሳ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ያ ዋቃ! ያ ዋቃ!» ሲሉ ነበር፤ አምላክን መጥራታቸው ነው፣ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም። ከዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ሸምሱ ሞተሩን አጥፍቶ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን አራቱን ካንዴላዎች ፈታ። ልማዱ ነው። ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ነገር ይናገራል ይላል። ቡና ዓይነት ቀለም ከሆነ ሰላም ነው፤ ከነጣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል። አራቱም ቡናማ ነበሩ። በመሀረቡ ላይ አሰልፎ አሳየኝ። «ተመልከት» አለኝ። «ከመጽሐፍ አይሻልም?»

ከዚያ ለሮዳጅ ጥቂት ቀን እኛ ጋ ቀረች። ሮዳጅ ማለት የተከፈተ ሞተር እስኪላመድ በእርጋታ የሚነዳበት ጊዜ ነው። በየቀኑ ትንሽ፣ ያለ ጭነት፣ ሳይጋለብ። ሸምሱ በየማታው ካንዴላዎቹን ያያል።

አርብ ነበር። ሸምሱ ወደ ጁምዓ ሲሄድ «እስክመለስ እስከ ድልድዩ ወስደህ መልሳት። ቀስ ብለህ» አለኝ። እኔም ጁምዓ መሄድ ነበረብኝ። «አንተ ሂድ፣ እኔ ዛሬ አልችልም» አልኩት። ምን አልችልም? ምን ሆኜ? አልጠየቀኝም።

መንገዱ ላይ ጀርባው ሳይሰወር ትንሿን ፑሌጃ ከሚስማሩ አወረድኳት።

ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። የቺንጋውን መወጠሪያ እስከ መጨረሻው ስቤ፣ ትልቁን ፈትቼ፣ ትንሿን አሰርኩ። እያንዳንዱን ቡሎን ሁለት ጊዜ አጠበቅሁ። ስለዚህ ማንም ልጅነት ነው፣ ስህተት ነው አይበለኝ። ስህተት እንዲህ በኪያቬ እየተጠበቀ አይታሰርም። አወጣኋት። ከከተማ እስክወጣ በቀስታ፣ ከዚያ ዳገቱ ላይ ረገጥኩ።

እንዴት ልንገራችሁ? ድምፁ ተለወጠ። ፉጨት ሆነ፣ ከፉጨትም ቀጠነ። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሮጡ። እኔ እስቅ ነበር፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ እስቅ ነበር። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ገብስ ምጣድ ላይ ሲቆላ ዓይነት፣ ጠር ጠር ጠር። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለሸምሱ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ! ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲፈነዳ ነው፤ በቶሎ እግርህን ካላነሳህ ፒስቶን ይሰነጠቃል። አውቃለሁ። እግሬን አላነሳሁም። ለምን አላነሳህም ብትሉኝ፣ ትንሽ ልስማው ብዬ ነው። እስከ ዳገቱ ጫፍ ሰማሁት።

ተመለስኩ። ትልቁን ፑሌጃ አሰርኩ፣ ትንሿን ሰቀልኳት። ከዚያ ካንዴላዎቹን ፈታሁ። አራቱም ነጥተዋል። በሦስተኛው ላይ አሸዋ የሚያህሉ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ነበሩ። ከፒስቶኑ የቀለጠ ብረት ነው። ቁጭ ብዬ ወደ ፀሐይ አዙሬ አየኋቸው። ያምሩ ነበር። ይህንንም መናገር አለብኝ፣ ያምሩ ነበር።

ከዚያ በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ አጠብኳቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ፑሌጃዋን መቀየሬ አንድ ነገር ነው። ካንዴላዎቹን ባላጥባቸው ሸምሱ ማታ ያያቸው ነበር፣ ሞተሩን ይከፍት ነበር፣ አንድ ፒስቶን ቀይረን፣ እኔም አንድ ጥፊ ቀምሼ ያልቅ ነበር። እኔ ግን አጠብኳቸው። ሸምሱ ማታ መጥቶ ፈታቸውና «ዛሬ ደግሞ እንዴት ጸድተዋል!» አለ። «ቀስ ብዬ ነዋ የነዳኋት» አልኩት።

እሑድ ጋሼ ፈይሳ መኪናዋን ወሰዱ። በሳምንቱ ለልጃቸው ሚስት ለመጠየቅ አምስት ሽማግሌዎች ጭነው ወደ ኖፓ ወጡ። ዳገቱ መሀል ላይ ፒስቶኑ ተሰበረ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መኪና ገፉ። በመጨረሻ በከሰል ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው፣ ጠቁረው፣ ከሰዓት በኋላ የልጅቷ ቤት ደረሱ። ቤተሰቡ ጠብቆ ጠብቆ ተበትኗል። ሌላ ቀን ኑ ተብለው ተመለሱ።

ጋሼ ፈይሳ ጋራዡ በር ላይ ሲቆሙ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ሸምሱ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬህ አልነበረም?»

«ጋሼ ፈይሳ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።»

«ካላወቅህ ለምን ነካህ?»

መልሱ እኔ ጋ ነበር። አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ በእጄ ጨርቅ ይዤ ነበር።

ሞተሩን ስንከፍት የተሰበረውን ፒስቶን አወጣው። ሦስተኛው ነው። ሸምሱ አገላብጦ እያየው «ከድር፣ አርብ ዕለት ስትነዳት ምንም አልሰማህም?» አለኝ።

«ምንም።»

ወዲያው አመነኝ። ከዚያ ብረቱ ላይ ተቀመጠና እንደገና ማስላት ጀመረ። በካርቶን ላይ፣ በግድግዳ ላይ፣ በመዳፉ ላይ። አንድ ተኩል። አንድ ተኩል። የት ጋ ነው የበዛው? እኔስ ምን አደርግ ነበር? አየው ነበር። ፍርሃት ብቻ ነው ዝም ያሰኘኝ ብል ውሸት ይሆናል። ይደርስበት ይሆን እያልኩ እጠብቅ ነበር። በፒስቶኑ ስብራት ብቻ፣ የአርቡን ካንዴላ ሳያይ፣ ሌላ ፑሌጃ ታስሮ እንደነበር ያውቅ ይሆን? ወንድሜን እንደ ሞተር ሞከርኩት። ፈጣሪ ያያል፣ የማወቅ ጉጉቴ ከእሱ ጭንቀት በለጠብኝ።

አልደረሰበትም። የደረሰው ሌላ ቦታ ነው፤ «እኔ ከአቅሜ በላይ አስቤ ነው» አለ። ሱፐርቻርጀሩን ፈትቶ፣ የጋሼ ፈይሳን ሞተር እንደ ፋብሪካው አድርጎ መለሰላቸው። መቱ ግን አልተወውም። የሚኒባስ ሾፌሮች በጋራዡ ሲያልፉ «ሸሜ፣ ጎማዬን ንፋልኝ፣ ሞተሬን ግን እንዳትነካ!» ይሉታል። ይስቅላቸው ነበር። ጥሩ ጥሩው ሥራ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደ፣ ለእኛ ባጃጅና የዘይት ቅያሪ ቀረልን። ከዚያ ቀን በኋላ ሸምሱ አዲስ ነገር ሞክሮ አያውቅም። ቪዲዮ ተርጉምልኝም ብሎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ እኔው አንዱን ከፍቼ ባሳየው «ያ ለሚያውቁት ነው» አለኝ።

እንዲህ ዓመታት አለፉ። ዓመታት! በየትኛውም ጠዋት ልነግረው እችል ነበር። ቁርስ አብረን እንበላ ነበር።

ባለፈው ክረምት ታመመ። ጉበቱ ነው። ሆስፒታል ሲተኛ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ እናታችን ሾርባ ልታመጣ ወጥታ፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ፊቱ ቢጫ ሆኗል። ጣራውን እያየ «ከድር» አለኝ። «አንተ የተማርከው ነህ። የጋሼ ፈይሳ ሞተር… ምኑን ነበር የሳትኩት?»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንዴት ልጻፈው? እየሞተ ጠየቀኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው። ዓይኑ ጆንያውን የፈታን ቀን የነበረው ዓይን ነው። ከእኔ በቀር መልሱን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

«ቤንዚኑ ይሆናል» አልኩት። «ያኔ የሚመጣው የተበረዘ ነበር።»

«ቤንዚኑንማ አይቼው ነበር። ጥሩ ነበር» አለ። ከዚያ «ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በአራተኛው ቀን ሞተ።

በእኛ ዘንድ ጀናዛው ከመቀበሩ በፊት አንድ ሽማግሌ ይነሳና የተሰበሰበውን ሰው ለሟች ይቅርታ ይጠይቃል። «ወንድማችሁ ሸምሱ ያስቀየማችሁ እንዳለ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ አፉ በሉት» አሉ ሽማግሌው። «አፉ ብለናል!» አለ ሕዝቡ። ያን ጊዜ ከኋላ ጋሼ ፈይሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ፊት መጡ። ከሁሩሙ ድረስ በዝናብ ነው የመጡት። «እኔም ስለ መኪናዬ» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ዲሴራፍ። ትቼለታለሁ። ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ።» ሰዎች እውነት እውነት አሉ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ የሟች ወንድም ነኛ። ጋሼ ፈይሳ እጄን ያዙኝ። እኔም እጃቸውን ይዤ «አላህ ይስጥልኝ» አልኳቸው።

አመሰገንኳቸው። እሱ አጠገባችን በከፈን ተጠቅልሎ፣ ባልሠራው ነገር ይቅር ሲባል፣ እኔ ስለ እሱ አመሰገንኩ።

አሁን ለራሴ ምን ልጠይቅ? እናቴ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ገና አልነገርኳትም። ልጅ ነበርኩ አልልም፣ ፑሌጃዋን ሳስር የማደርገውን የማውቅ ሰው ነበርኩ። ፈርቼ ነው አልልም፣ ሞት ለያዘው ሰው እውነት መናገር ምን ያስፈራል? አፉ በሉኝም አልልም። ሊለኝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱንም ሳይሰማ ቀበርኩት።

የምለምነው ሌላ ነው። በዚያ ቀን መቃብሩ ላይ ለነበራችሁ፣ ለእርስዎም ጋሼ ፈይሳ። ስለ ሞተሩ ለሸምሱ የሰጣችሁትን ይቅርታ መልሳችሁ ውሰዱት። አንድ ተኩል ትክክል ነበር። ወንድሜ ይቅር የሚባልበት ምንም አልሠራም።